ባትሪ፣ ጋዝ እና የጋሽ ተስፋይ ጉድጓድ

ዕቃ መግዛት አያደክምም፤ የሚያደክመው ባለቤት መሆን ነው። መግዛትማ ምን አላት? ካርድህን ታስነካለህ፣ ልጅቷ ደረሰኝ ትፈልጋለህ ወይ ትልሃለች፣ አልፈልግም ትላለህ፣ ትወጣለህ። ዕቃው አንተን መግዛት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሣር ማጨጃው ዘይቴ ጎደለ ይላል። የበረዶ መጥረጊያው ቀበቶዬ ተበጠሰ ይላል። መኪናው የሚለውን አልነግራችሁም፣ እናንተም መኪና አላችሁ። እኔ እዚህ ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ሙሉ ቀን የሰው ዕቃ ስደረድር ውዬ፣ ኩን ራፒድስ ቤቴ ደርሼ የጋራዤን በር ስከፍት የራሴ ዕቃ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። አንዳንድ ቀን በሩን መልሼ እዘጋውና በፊት ለፊት በኩል እገባለሁ።

ስለዚህ አንድ ሰው «ሰይድ፣ በረጅም ጊዜ ሲታሰብ የቱ ይረክሳል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው መልስ «አለመግዛት» የሚል ነው። ይህን መልስ ግን ማንም አይወደውም። ስኔሊንግ ላይማ ጭራሽ።

ስኔሊንግ የሚባለው ጎዳና ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። እሁድ ከሰዓት የማእዘኑ ጠረጴዛ የእኛ ነው፤ ሻይ እናዛለን፣ አስተናጋጇ ትሰለቸናለች፣ እኛም እንሰለቻቻለን፣ ግን እንመጣለን። ድሮ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚፈተፈተው ፖለቲካ ነበር። ሰው ተኳረፈ፣ ታረቀ፣ እንደገና ተኳረፈ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ደከመው። ግን ደክሞት ዝም ያለ ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፖለቲካው በለቀቀው ወንበር ላይ የበረዶ መሰርሰሪያ መጥቶ ተቀመጠ።

ለማታውቁት ላስረዳ። እዚህ ሚኒሶታ ብርዱ ሲገባ ሐይቁ መኪና እስኪሸከም ድረስ ይጠነክራል። ጤነኛ ሰው ይህን ሲያይ ቤቱ ይቀመጣል። ሌላው ግን እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ረጅም ብረት ይዞ ሐይቁ መሐል ይሄዳል፣ በረዶውን ሰርስሮ ውኃው ድረስ ጉድጓድ ያወጣል፣ ባልዲ ደፍቶ ይቀመጥና ክሩን ወደ ታች ለቆ ዓሣ ይጠብቃል። ብረቱን የሚያሽከረክረው ወይ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ነው፣ ወይ ባትሪ። ጦርነቱ እዚህ ላይ ነው።

እዚህ አገር ቤንዚን ጋዝ ስለሚባል አንደኞቹ የጋዝ ወገኖች ናቸው። «ባትሪ ብርድ ይፈራል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሞትብህ ደግሞ አዲሱ የማሽኑን ግማሽ ያስከፍልሃል» ይላሉ። የባትሪ ወገኖች ይነሡና «የእናንተስ? ዛሬ ካንዴላ፣ ነገ ካርቡራቶር፣ በየዓመቱ ዘይትና ቤንዚን ስትቀላቅሉ መኖር፤ ጠረኑ ከጃኬት አይለቅ፣ ሚስት ታኮርፋለች» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ብዙ እሁድ ሰምቻለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚረክሰው ተናጋሪው የገዛው ማሽን ነው። እኔ የየትኛው ወገን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ የደከመው ወገን ነኝ እላለሁ።

የጋዝ ወገኖች አለቃ ጋሽ ተስፋይ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አስመራ ተወልደው በጃንሆይ ዘመን በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ አገር ከሁላችንም በፊት የመጡ፣ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው። በረዶ ላይ ማጥመድን ያስተማራቸው አብሯቸው ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ነው፤ እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አስቡት፤ እኔ የወሎ ልጅ፣ ሐይቁ ራሱ ሐይቅ ተብሎ የሚጠራበት አገር ተወልጄ፣ ዓሣ መያዝ የተማርኩት ከአንድ የአስመራ ሽማግሌ፣ ያውም በረዶ ላይ።

የአማርኛቸውን ነገር አትጠይቁኝ። እኛ «ድራይቭ አደረግሁ» ስንል «ነዳሁ በል፣ ወደይ» ይሉናል፤ ወደይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ካንስል አደረግሁት» ስንል «ሰረዝኩት በል» ይላሉ። የራሳቸውን ማሽን እንኳ የጋዝ ማሽን አያስብሉንም። «ጋዝ ማለት ፋኖስ የሚያበራው ነው፣ ላምባው! ይኼ ቤንዚን ነው። በል ላምባ ጨምርበትና ሲነሣ አሳየኝ!» የጋዝ ወገን አለቃ ጋዝ የሚለውን ቃል ሲከለክል የሚሆነውን ክርክር እናንተው ገምቱት። ይህችን የቃል ነገር ግን ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ ታፈላለች።

ባለፈው ዓመት የጋሽ ተስፋይ ቀኝ ትከሻ ታመመና ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። የቤንዚን ማሽን ደግሞ የሚነሣው ገመዱ በኃይል ሲሳብ ነው። ሐኪሙ ገመድ መሳብ በቃ አለ። ልጃቸው ሰናይት ከሐኪሙ ባሰች። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አባቷ በትግርኛም በአማርኛም ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። «ዳድ፣ ኢፍ ዩ ፑል ዛት ኮርድ፣ ኖ ሞር ሌክ!» አለቻቸው። ገመዱን ከሳብክ ሐይቁን እርሳው ማለቷ ነው። ክፋት የላትም፤ ያላት አንድ አባት ነው።

«ምን ችግር አለው፣ እኔ እስብልዎታለሁ» አልኳቸው። ዐይናቸውን አጥብበው አዩኝና «ጉድጓዴን ራሴ ካልቆፈርኩ አልሄድም!» አሉኝ። ሰውዬው የሚያወሩት ስለ ዓሣ ነው፤ በስልክ የሰማ ሰው ግን ደንግጦ አምቡላንስ ይጠራል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ ታዲያ፣ የምራቸውን ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከሐኪም ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የሚሄዱበት ቦታ ሐይቁ ብቻ ነው። ሐይቁ ከቀረ የሚቀራቸው ሶፋና ቴሌቪዥን ነው። ሶፋና ቴሌቪዥን በዚያ ዕድሜ ሰውን ምን እንደሚያደርጉት ደግሞ ከጠረጴዛችን ባዶ ወንበሮች ተምሬአለሁ። ፈራሁላቸው።

ስለዚህ በቁልፍ ብቻ የሚነሣውን የባትሪ ማሽን እንዲያዩ ለምኜ ሱቅ ወሰድኳቸው። ሻጩ ትሑት ወጣት ነበር። የሁለቱንም ወጪ፣ ቤንዚኑን፣ ካንዴላውን፣ የባትሪ መቀየሪያውን ሳይቀር ደምሮ በስክሪን አሳየን። መጀመሪያ ላይ ቤንዚኑ ይረክሳል፤ እየዋለ እያደረ ግን ባትሪው ይሻላል። «ሎንግ ተርም ባትሪ ነው» አለን፤ በረጅም ጊዜ ማለቱ ነው። ጋሽ ተስፋይ በጥሞና አዳመጡትና «ሎንግ ተርም ስንት ነው?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁት። «አሥር ዓመት» አላቸው። ጋሽ ተስፋይ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያው ለእኔ ቤንዚኑ ይረክሳል፣ ወደይ።»

ልጁ አማርኛ ስለማያውቅ አብሯቸው ፈገግ አለ። እኔ ግን እንዲህ አይበሉ ማለት ሲገባኝ፣ ወደ ልጁ ዞሬ ስለ ዋስትናው ጠየቅሁት። የሚጠየቅ ጠፍቶ!

ሳንገዛ ወጣን። ኋላ ገዝታ የላከችው ሰናይት ናት። ማሽኑ እኔ ጋራዥ ገባ። ባትሪው ግን ብርድ ስለማይወድ ጋሽ ተስፋይ አፓርታማ ተላከ፤ እሳቸው ቤት ማሞቂያው ከኪራዩ ጋር ስለሆነ እንደ ልብ ይለቀቃል፣ እኔ ቤት ግን ቢሉ ሲመጣ ሚስቴ ሁላችንንም ትገላምጣለች። እንዲህ ሆኖ አካሉ አንድ ቤት፣ ነፍሱ ሌላ ቤት አደረ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው።

አርብ ምሽት ደወልኩላቸው። አዲሱን ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ልንሞክር ነው።

«ጠዋት በማለዳ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ባትሪውን እንዳይረሱ!»

«እንዴት እረሳለሁ? ገና ሳይነጋ አይደል የምንወጣው?» አሉኝ።

መልሱ ትንሽ ዘወር ያለ ነበር። ከሥራ የገባ ሰው ግን መልስ አይመረምርም፤ ስልኩን ዘግቼ ተኛሁ።

ስደርስ በራፋቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው ቦርሳ፣ አጠገባቸው ደግሞ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አንድ ረጅም ነገር አለ። ምን እንደሆነ ለማወቅ መግለጥ አላስፈለገኝም፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። አሮጌው ማሽን ነው።

«ይኼስ ለምንድን ነው?»

«ለማንኛውም ነው።»

«ሰናይት ብትሰማስ?»

«ሰናይት ቤቷ ተኝታለች» አሉና መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሐይቁ ላይ ስንደርስ ጎህ ቀዷል። ዕቃውን በፕላስቲክ ሸርተቴ እየጎተትኩ፣ እሳቸው ከፊት እየመሩ፣ እንደ ወትሮው በእግራቸው በረዶውን መታ መታ እያደረጉ ቦታ መረጡ። አዲሱን ማሽን አቆምኩና እጄን ዘርግቼ «ባትሪውን ያቀብሉኝ» አልኩ። ጓንታቸውን አወለቁ፣ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ አቀበሉኝ።

የእጅ ባትሪ። የሚበራው። በጨለማ መንገድ የሚያሳየው።

አብርቼ አየሁት፤ ይሠራል። መቼም ባትሪ ማለት በአማርኛ ይህ መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። እኔ እንግሊዝኛውን በአማርኛ አፍ ተናገርኩ፤ እሳቸው አማርኛውን በአማርኛ ሰሙ።

«ጋሽ ተስፋይ፣ የማሽኑን ባትሪ ነው እኮ ያልኩዎት!»

«የማሽኑን አላልክም። ደግሞ እሱ ባትሪ አይባልም፣ ድንጋይ ነው የሚባለው። የሬዲዮ ድንጋይ፣ የባትሪ ድንጋይ ሲባል አልሰማህም? ድንጋዩን ያምጡ ብትለኝ አመጣልህ ነበር።»

ድንጋይ! እውነታቸውን እኮ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ የአባቴን የሬዲዮ ድንጋይ እንዲሞቅ ፀሐይ ላይ አሰጣ ነበር፤ ቃሉን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ እውነት ተሳስተው ነው ወይስ አውቀው? ብርድ ልብሱን ፈትተው አሮጌውን ማሽን ሲያወጡ ፊታቸው ላይ የተሳሳተ ሰው ሐዘን አላየሁም።

«አይሞክሩት» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ገመዱን በግራ እጃቸው ይዘው ሳቡት። ማሽኑ ሳል ነገር አለና ዝም አለ። ደግመው ሳቡ፣ አሁንም ሳለ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ወፍሮ ካርቡራቶሩን ዘግቶታል፤ የባትሪ ወገኖች በየእሁዱ የሚነግሩን በሽታ ማለት ነው። ግራው ሲደክም ቀኙ ሳይታዘዝ ሊያግዝ ሄደ። ጋሽ ተስፋይ ጮኹ። ትንሽ ጩኸት ናት፣ ግን እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም።

«በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እኔ ልሳበው!»

«አይሆንም አልኩህ!»

ገመዱን ለቀው ባልዲው ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ያሻሹ ጀመር። እኔ በአንድ እጄ ነፍስ የሌለው አዲስ ማሽን፣ በሌላው ፀሐይ በወጣበት ሜዳ ላይ የምትበራ የእጅ ባትሪ ይዤ ቆሜአለሁ።

«በቃኝ፣ ሰይድ» አሉ በመጨረሻ። «ሁለቱንም ሽጣቸው። ሰናይት ልክ ናት።»

በስሜ የሚጠሩኝ ሲቆጡ ወይ ሲያዝኑ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ቁጣ አልነበረም። አዘንኩ። ተናደድኩም፣ በማን እንደሆነ እንጃ፤ በሐኪሙ፣ በካርቡራቶሩ፣ በገዛ ምላሴ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኛ ገና መጎርጎር ሳንጀምር ነው ያወጣነው። ሶፋው ታየኝ። ቴሌቪዥኑ ታየኝ።

ይህን ጊዜ ከወዲያ ማዶ ድንኳን ተክሎ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ የማሽኑን ሳል ሰምቶ ኖሮ እየተንገዳገደ መጣ። ጢሙ በረዶ ይዟል። በእጁ የያዘው በእጅ የሚዞር፣ ሞተርም ባትሪም የሌለው፣ የድሮ መሰርሰሪያ ነው። «ኮልድ ኢናፍ ፎር ያ?» አለን፤ ብርዱ በቃችሁ ወይ ማለት ነው፣ የዚህ አገር ሰው ሰላምታ። መልስም አልጠበቀ፣ ማንንም አላስፈቀደ፤ ጎንበስ ብሎ እያለከለከ እየዞረ፣ እየዞረ እያለከለከ ሁለት ጉድጓድ አወጣልን።

አሁን ጋሽ ተስፋይ ይቆጣሉ፣ ሰውዬውን ያስቀይማሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ከባልዲው ብድግ ብለው «ታንክ ዩ፣ ሰር» አሉት። ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ዘገኑለት። «ዩ ቤቻ» አለና፣ ምንም አይደል ማለቱ ነው፣ ቆሎውን ትንሽ መርምሮ፣ ወደ አፉ ጥሎ፣ እየቆረጠመ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ስንት እሁድ ሻይ ያቀዘቀዝንበት ክርክር እንዲህ አለቀ፤ በረጅም ጊዜም በአጭር ጊዜም ርካሹ መሰርሰሪያ የጎረቤት ነው።

ክራችንን ለቀን ተቀመጥን። ዝም ልል ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

«ጋሽ ተስፋይ፣ እኔ ስለምንዎት እምቢ አሉኝ። የማያውቁትን ሰው ግን እሺ አሉት። ምን በደልኩ?»

ክራቸውን ሳብ ለቀቅ አደረጉ።

«እሱ ስኔሊንግ ላይ ሻይ አይጠጣም» አሉኝ።

በማግስቱ እሁድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ፣ ሻዩ ከመቅረቡ በፊት፣ «የጋዝ ወገን አለቃ ገመድ መሳብ አቅቷቸው እኔ ሳብኩላቸው» ማለቴ የት ይቀራል? አልልም ነበር ብዬ ልምልላችሁ እችላለሁ። እናንተ ግን ይህን እያነበባችሁ ስለሆነ አታምኑኝም።

«አልናገርም» አልኳቸው። «ወላሂ በል» አሉኝ፣ ክርስቲያኑ ሽማግሌ። ወላሂ ልል አፌን ስከፍት ክሬ ተወጠረ። መዳፍ የምታህል ዓሣ ናት፤ ከመንጠቆው አላቅቄ መልሼ እስክለቃት ድረስ መሐላው ተረሳ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አላነሣነውም። ትከሻቸውን እያሻሹ ወደ ቤት ሲገቡም ስለሚቀጥለው ቅዳሜ ቃል አልተነፈሱም። ያን ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ስደረድር ሐሳቤ እሳቸው ሶፋ ላይ ነበር። ልደውል ስልኬን አነሣና እንደ ገና አስቀምጠዋለሁ፤ መልሱን መስማት ፈርቼ ነው።

አርብ ሲመሽ ስልኬ ጮኸ።

«ነገ ድንጋዩን እኔ እይዛለሁ» አሉኝ። «ባትሪውን አንተ ያዝ።»

ሐይቁ ላይ ስንደርስ ድንጋዩን ከካፖርታቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ አሙቀው ከያዙበት አወጡት። ማሽኑ ላይ ሰኩት፣ ቁልፉን ተጫኑት። ጩኸት የለ፣ ጭስ የለ፤ እንደ ስፌት መኪና ዝም ብሎ ሠራና ውኃው ፍልቅ አለ። ጋሽ ተስፋይ ቀና ብለው ቅር እንዳለው ሰው አዩኝ።

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

«ምንም አልሠራሁም እኮ።»

«ዓሣው አያውቅም» አልኳቸው። ትከሻቸው ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ባልዲያቸው ላይ ተቀመጡና ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይኼ ድንጋይ ስንት ዓመት ያገለግላል?»

«በደንብ ከተያዘ አምስት ስድስት ዓመት ይሄዳል ይላሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላ እንገዛለን።»

ሳላስበው ነው የወጣኝ። ጋሽ ተስፋይ ዞረው አዩኝ፤ የቃል ነገር መቼ ያመልጣቸዋል።

«እንገዛለን ነው ያልከው?»

«እንገዛለን።»

ሻጩ ልጅ ያን ሁሉ ሲደምር ይህችን ቃል አላስገባትም ነበር። ጋሽ ተስፋይ ክራቸውን ቀስ ብለው ወደ ውኃው ለቀቁ።

«ስኔሊንግ ላይ ማውራትህ ካልቀረ» አሉኝ፣ «ይህችን አውራ።»

ይኸው አወራሁ። ሌላውን የጨመርኩት ብቻዋን ስትወራ ስለማታምር ነው።